ከፎቶው ዳር የቆሙ ሰዎች

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ያሉ ፎቶ ቤቶችና ኢንተርኔት ቤቶች ለብዙ ዓመታት ጥቅምት ሲገባ አንድ ዓይነት ወረፋ ሲያስተናግዱ ኖረዋል፤ የዲቪ ወረፋ። ነገሩ ሎተሪ ነው ይባል እንጂ ዕጣው ዘንድ ከመድረስ በፊት የሚታለፍ በር አለ፤ ፎቶው። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የሚቀበለው ወርዱና ቁመቱ እኩል የሆነ፣ ቢያንስ 600 በ600፣ ቢበዛ 1200 በ1200 ፒክስል የሆነና ከ240 ኪሎባይት ያልበለጠ ምስል ነው። ከአገጭ እስከ አናት ያለው ርዝመት ከምስሉ ቁመት ከ50 እስከ 69 በመቶ መያዝ አለበት። ፎቶው ከስድስት ወር በላይ ካስቆጠረ አይሆንም፤ መነጽርም አይፈቀድም።

አመልካቹ ይዞት የሚመጣው ግን ብዙውን ጊዜ ለቀበሌ መታወቂያ የተነሣው 3 በ4 ጉርድ ፎቶ ነው። በዚህ ጊዜ ባለሙያው ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ከላይና ከታች ቆርጦ፣ ማለትም የቁመቱን አንድ አራተኛ ትቶ የምስሉን አራት ጎኖች እኩል ማድረግ ነው። ሁለተኛው የምስሉን ጎን በማውሱ ይዞ ሳጥኑ እስኪሞላ መጎተት ነው። በጉተታው ፊት በአንድ ሦስተኛ ይሰፋል። ቀጭኗ ልጅ ጉንጯ ተነፍቶ፣ ዓይኖቿ ተራርቀው፣ አንገቷ እንደ ትግል ስፖርተኛ ደልድሎ ትወጣለች። እናቷ ስልኩን ተቀብለው «ይቺ ማን ናት?» ቢሉ አይፈረድባቸውም።

ይህ ሁሉ ተራ የኮምፒውተር ሥራ ሊመስል ይችላል። የፎቶን ወርድና ቁመት ማመጣጠን ግን በየቀኑ፣ በየፎቶ ቤቱ፣ ማን ይቅር ማን ይውጣ የሚወሰንበት ሥራ ነው። ውሳኔው በአሁኑ ጊዜ በአብዛኛው በወረቀቱ፣ በፍሬሙና በስልኩ ስክሪን እጅ ወድቋል። መመለስ ያለበት ወደ ባለፎቶውና ወደ ባለሙያው ነው።

ወርዱና ቁመቱ ከየት መጣ የሚለውን ማወቅ ይጠቅማል፤ ብዙዎች የተፈጥሮ ሕግ ይመስላቸዋልና። ጀርመናዊው ኦስካር ባርናክ ላይካ የተባለችውን ትንሽ ካሜራ ሲሠራ የተጠቀመው ለሲኒማ የተዘጋጀ ፊልም ነበር። የሲኒማው አንድ ምስል 18 በ24 ሚሊ ሜትር ነው። ባርናክ ይህንን እጥፍ አድርጎ 24 በ36 አደረገው። ላይካ እ.ኤ.አ. በ1925 ገበያ ላይ ከዋለች በኋላ 3 ለ2 የሚባለው ምጣኔ የብዙ ፎቶ ካሜራዎች ልማድ ሆነ፤ ዛሬም በየሠርጉ የሚታዩት ትልልቅ ካሜራዎች የሚያነሡት በእሱ ነው። ስልኮች ደግሞ አብዛኞቹ የጥንቱን የሲኒማና የቴሌቪዥን 4 ለ3 ይዘው ቀርተዋል። ቲክቶክ 9 ለ16 ይወዳል። አንድ ሰው ከመቶ ዓመት በፊት ባገኘው ፊልም ላይ የወሰነው ልክ ነው እንግዲህ ዛሬ ደሴ ውስጥ የማን ትከሻ እንደሚቆረጥ የሚወስነው።

ልዩነቱ በቁጥር ሲታይ ትንሽ ነው። ከ3 ለ2 ወደ 4 ለ3 ሲኬድ ከወርዱ የሚቀነሰው አንድ ዘጠነኛ ብቻ ነው። አንድ ዘጠነኛ ምንድን ነው ለሚል፣ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ምርቃት ቀን ጥሩ ማሳያ ይሆናል። ደሴ ግቢም ሆነ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪዎቹን ሲያስመርቅ ቤተሰብ ከወረ ኢሉ፣ ከተንታ፣ ከኩታበር፣ ከቃሉ ይመጣል። ጥቁር ጋውን የለበሰው ልጅ መሀል ይቆማል። ወንድሞች ግራና ቀኝ ይሰለፋሉ፤ የከተማው አጎት ከረባቱን አስተካክሎ ይጠጋል። እናት ደግሞ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ የልጃቸውን አበባ ይዘው «እኔ እዚሁ ይበቃኛል» ብለው ዳር ይቆማሉ። ፎቶ አንሺው «እማማ፣ ወደ መሀል ጠጋ ይበሉ እንጂ» ቢላቸውም ፈገግ ከማለት በቀር ከቦታቸው አይነቃነቁም።

እንበልና ዘጠኝ ሰው ጎን ለጎን ተደርድሮ ምስሉን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶታል። ፎቶው 20 በ30 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ቢታጠብ ማንም አይጎዳም፤ ልኩ ያው 3 ለ2 ነውና። ቤተሰቡ ግን ለሳሎን ግድግዳ «ትልቁን» ይመርጣል፤ 30 በ40ውን። ያኔ የአንድ ሰው ስፋት የሚያህል ይወጣል። ከሁለቱም ዳር እኩል ከተቀነሰ በአንደኛው ጫፍ የአጎት ግማሽ አካል፣ በሌላኛው የእናት ግማሽ ፊት ከነአበባው ይሄዳል። የበለጠ ተከፍሎበት ያነሰ ፎቶ ተገኘ ማለት ነው። በስልክ የተነሣ 4 ለ3 ምስል 10 በ15 ወረቀት ላይ ሲታጠብም እንዲሁ አንድ ዘጠነኛው ይቀራል፤ በዚህኛው ግን ከላይና ከታች ስለሚቆረጥ ከጋውኑ ጋር የሚደረገው ባርኔጣ ወይም አዲሱ ጫማ ነው የሚጎድለው።

ቪዲዮው የባሰ ነው። ሠርግ በአግድም፣ በ16 ለ9 ተቀርጾ ለቲክቶክ በቁም 9 ለ16 ሲቆረጥ ከምስሉ የሚተርፈው ከአንድ ሦስተኛ በታች ነው። ሙሽራውና ሙሽሪት ትንሽ ተራርቀው ከተቀመጡ አንዳቸውን መተው ግድ ይላል። በየሰው ስልክ ላይ «ሙሽሪት ብቻዋን» የሚመስሉ ሠርጎች የበዙበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ሚዜዎችማ ከጨዋታው ከወጡ ሰንብተዋል።

ዳር የቆመ ሰው መቆረጡ የቤተሰብ ቅሬታ ሆኖ ብቻ የሚቀርበት ጊዜ አለ። የዓለም ዜና የሚሆንበትም ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. ጥር 2020 በስዊዘርላንዷ ዳቮስ አምስት የአየር ንብረት ተሟጋች ወጣቶች ተሰልፈው ፎቶ ተነሡ። ከመካከላቸው ብቸኛዋ አፍሪካዊት የኡጋንዳዋ ቫኔሳ ናካቴ ነበረች፤ የቆመችውም ዳር ነበር። አሶሺየትድ ፕሬስ ፎቶውን ሲያሠራጭ ናካቴ የለችበትም፤ ግሬታ ቱንበርግና ሦስት ሌሎች ነጭ ወጣቶች ብቻ ቀርተዋል። ድርጅቱ መጀመሪያ የሰጠው ምላሽ ፎቶ አንሺው ከጀርባዋ ያለው ሕንፃ ምስሉን ስላበላሸበት ለውበት ሲል ነው የቆረጠው የሚል ነበር። በኋላ የዜና ድርጅቱ ዋና አዘጋጅ ይቅርታ ጠየቁ። ፎቶ አንሺው ክፉ ሐሳብ ነበረው ብሎ ማሰብ አያስፈልግም። ውበት ፍለጋ ሲቆርጥ ዳር ያለችውን ሰው አላያትም፤ ያስቆጣውም ይህ ነው።

ሰው ባይቆርጥስ? ሥራው ለማሽን ሲሰጥም ነገሩ አልቀለለም። ትዊተር ለዓመታት ትልልቅ ምስሎችን በራሱ ሶፍትዌር እየቆረጠ ያሳይ ነበር፤ ሶፍትዌሩ «ዓይን የሚስበውን» ቦታ መርጦ ሌላውን ይደብቃል። ተጠቃሚዎች ጥቁርና ነጭ ሰዎችን በአንድ ረጅም ምስል ላይ እያደረጉ ሲሞክሩት ምርጫው ወደ ነጩ የሚያደላ መሰላቸው። ኩባንያው ራሱ ፈትሾ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2021 ውጤቱን ይፋ ሲያደርግ አድልዎ መኖሩን አመነ፤ እንዴት ይቆረጥ የሚለውን ውሳኔ ለሰው መተው እንደሚሻልም ገለጸ። አንድ የሲሊከን ቫሊ ኩባንያ በብዙ መሐንዲስ የደረሰበትን ይህን ነገር የደሴ ፎቶ ቤቶች ያለ ጥናት ሊይዙት ይችላሉ።

መቁረጥ ሁሉ ጥፋት ነው ማለት ግን ስሕተት ይሆናል። በየባጃጁና በየታክሲው መስታወት ላይ የተለጠፈው የቼ ጉቬራ ምስል የተወለደው ከመቀስ ነው። ኩባዊው ፎቶ አንሺ አልቤርቶ ኮርዳ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1960 ሃቫና ላይ ሲያነሣው ምስሉ አግድም ነበር፤ በአንድ በኩል የሌላ ሰው ፊት ከጎን ይታያል፣ በሌላ በኩል የዘንባባ ቅጠል ገብቷል። ኮርዳ ሁለቱንም አውጥቶ ምስሉን በቁም አደረገው። ያ ውሳኔ ባይኖር ምስሉ ምናልባት ከኮርዳ መሳቢያ አይወጣም ነበር። ኮርዳ የሚፈልገውን ልክ አስቦ ቆረጠ፤ ወረቀቱ አላስገደደውም። ባለሙያነት ማለት ይህ ነው።

ደሴ ራሷ ፎቶግራፍ ምን ሊያስቀርና ምን ሊያስወጣ እንደሚችል ታሪኳ ያስተማራት ከተማ ናት። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣልያን አውሮፕላኖች ከተማዋን ሲደበድቡ ንጉሠ ነገሥቱ እዚያው ነበሩ፤ የውጭ አገር ጋዜጠኞችም ከነካሜራቸው። ከዚያ ቀን ዓለምን ከዞሩት ምስሎች ሁለቱ ጎልተው ይታወቃሉ። በአንደኛው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከፀረ አውሮፕላን መሣሪያ ኋላ ሆነው ይታያሉ፤ በሌላኛው ባልፈነዳ ቦምብ ላይ እግራቸውን አሳርፈው ቆመዋል። ሁለቱም ኃይለኛ ምስሎች ናቸው፤ ለኢትዮጵያም በጊዜው ትልቅ ሥራ ሠርተዋል። ግን የተቃጠሉት ጎጆዎች፣ የቀይ መስቀል ምልክት እያለበት የተመታው ሆስፒታል፣ ሬሳ የሚያነሡት ሰዎች ከእነዚህ ምስሎች ጠርዝ ውጭ ናቸው። የአንድ መሪን ጀግንነት ለማሳየት የተመረጠ ጠርዝ የከተማዋን ሰው አላስገባም። ዛሬ ደሴን በዚያ ቀን ለማየት የሚፈልግ ወጣት ቀድሞ የሚያገኘው አንድ ሰውና አንድ ቦምብ ነው።

ከዚያ 38 ዓመት በኋላ የወሎ ረኃብ በካሜራ ተያዘ። እንግሊዛዊው ጆናታን ዲምብልቢ ያዘጋጀው ዘገባ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በብሪታንያ ቴሌቪዥን ታየ። ያው ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀረበ፤ ግን በዲምብልቢ አሠራር አልነበረም። በረኃብተኞቹ መካከል የቤተ መንግሥት ግብዣና ድግስ ተሰክቶበት ነበር። በማግሥቱ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። በእርግጥ ይህ የምስል ቅንጅት እንጂ ጠርዝ መቁረጥ አይደለም። ነገር ግን የወሎ ሰው ፊት ሁለት ጊዜ፣ በሁለት የተለያዩ እጆች፣ ለሁለት የተለያዩ ዓላማዎች ሲቀናበር የተቀናባሪውን ፈቃድ የጠየቀ አልነበረም። በ1977 ዓ.ም. ጥቅምት፣ በሌላ ረኃብ ጊዜ፣ የፎቶ ጋዜጠኛው የመሐመድ አሚን ካሜራ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ኮረም ያወጣቸው ምስሎችም እጅግ ብዙ ሕይወት አትርፈዋል፤ የዚያኑ ያህል ደግሞ የወሎን ሰው በዓለም ዓይን ውስጥ በአንድ ጠባብ ልክ አስቀምጠውታል። የአውሮፓ በጎ አድራጎት ድርጅቶች እ.ኤ.አ. በ1989 ስለ ምስል አጠቃቀም የሥነ ምግባር ደንብ ለማውጣት የተገደዱት በዚያ ዘመን ስለ ረኃብ ምስሎች በተነሣው ክርክር ምክንያት ነው።

ወደ ዛሬው ጎዳና ሲመለሱ ደግሞ ሌላ በሽታ ይጠብቃል፤ ባነር። ለመልካም ምኞት፣ ለምርጫ፣ ለሱቅ ምረቃ፣ ለሙት ዓመት በየአደባባዩ የሚሰቀሉት ባነሮች ብዙ ጊዜ ወርዳቸው የቁመታቸው ሁለትና ሦስት እጥፍ ነው። በቁም የተነሣ ፎቶ እዚያ ላይ ሲገባ የሚቀረውን ባዶ ቦታ ለመሙላት ፊት ይለጠጣል። የሞተ ሰው ፊት ተለጥጦ ደሴ ሸዋ በር ላይ ሲሰቀል ማየት ከሥነ ውበት ጉዳይ ያለፈ ነገር ነው። ልጆቹ አባታቸውን ለመጨረሻ ጊዜ በከተማው ፊት ያቀረቡበት ምስል የአባታቸው አይደለም። የሚያስቆጨው ደግሞ መፍትሔው ቀላል መሆኑ ነው፤ ፎቶውን በራሱ ልክ በአንድ ጎን አስቀምጦ ቀሪውን ቦታ ለጽሑፍ መተው። ባዶ ቦታ አያሳፍርም።

መሣሪያው ችግር የለበትም። ፎቶሾፕ ላይ የመቁረጫው መሣሪያ ሲከፈት ከላይ ሁለት ባዶ ሳጥኖች ይመጣሉ፤ በአንደኛው ወርድ፣ በሌላኛው ቁመት ይጻፋል። 35 እና 45 ተብሎ ሲሞላ የፓስፖርት ልክ ይሆናል። 9 እና 4 ተብሎ ሲሞላ ደግሞ የየትኛውም ፋብሪካ ወረቀት የማያውቀው፣ ለዘጠኝ ሰው ሰልፍ ግን የተመቸ ልክ ይወጣል። እዚያው አጠገብ የተቆረጠውን ፒክስል ለመሰረዝ ወይም ለማቆየት የምትጫን ትንሽ ምልክት አለች። ምልክቷ ከተነሣችና ፋይሉ በፎቶሾፑ ዓይነት ከተቀመጠ የተቆረጠው ክፍል ተደብቆ ይኖራል፤ እናት በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሰው ይመጣሉ። ላይትሩም የተባለው ፕሮግራም ደግሞ ከመነሻው ዋናውን ፎቶ አይነካም። ልኩን ሞልቶ ከቆረጡ በኋላ «ሴቭ» ብሎ የመጀመሪያውን ማጥፋት ግን የባለሙያው ልማድ ነው፤ ደንበኛው በፍላሽ የሚወስደውም የተቆረጠውን ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ለደሴና ለኮምቦልቻ የተለየ ዕድል አለ፤ እስካሁን ግን ብዙም አልተሠራበትም። አውሮፓ ውስጥ ፍሬም ብዙ ጊዜ ከፋብሪካ ተቆርጦ ይመጣል፤ ሰው ፎቶውን ለፍሬሙ ያስተካክላል። እዚህ ግን ፍሬም ሠሪው ረጅሙን እንጨት ግድግዳ ላይ አስደግፎ፣ በሜትር ለክቶ፣ ማዕዘኑን በመጋዝ ቆርጦ የሚገጥም ሰው ነው። መስታወቱም በልክ ይቆረጣል። ለእሱ 30 በ40ም ሆነ 20 በ45 ያው አንድ ሥራ ነው። ከሐረጎ ላይ ሆኖ ቁልቁል የኮምቦልቻን ሜዳ ያነሣ ወይም ጦሳን ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ምስል የያዘ ሰው ተራራውን ለ4 ለ3 ሲል የሚቆርጥበት ምክንያት የለም። ልብስ ሰፊ እንኳ ደንበኛውን በጨርቁ ልክ አያሳጥርም። በእጅ የሚሠራ ፍሬም ባለበት አገር የፋብሪካን ምጣኔ እንደ ሕግ ማክበር ከስንፍና ሌላ ስም አይገኝለትም።

በእርግጥ ፎቶ ቤቶች የሚሉት አላቸው። ወረቀቱ ጥቅልል ሆኖ በተወሰነ ስፋት ነው የሚመጣው፤ የሚተርፈው ቁራጭ ኪሳራ ነው። በምርቃት ሳምንት መቶ ሰው ተሰልፎ ለእያንዳንዱ «የቱ ይቅር?» እያሉ መጠየቅ አይቻልም። ክርክሩ ግማሹ ትክክል ነው። ግን ነጭ ህዳግ መተው ወረቀት አያባክንም፤ 30 በ40 ወረቀት ላይ 3 ለ2 ምስል ሙሉውን አስቀምጦ ከላይና ከታች ቀጭን ነጭ መስመር ቢቀር ፍሬም ውስጥ ሲገባ እንዲያውም ያምራል። ፎቶ አንሺውም ከመጀመሪያው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ በሰልፉ ግራና ቀኝ ትንፋሽ ቢተው ከጥያቄው ግማሹ ያልቃል። ደንበኛው ሲያዝ «በየትኛው ልክ ነው የሚሰቅሉት?» ብሎ መጠየቅ አንድ ደቂቃ አይወስድም።

ወቀሳው ግን ሁሉ በፎቶ ቤት ላይ አያልቅም። ፎቶ የሚጠይቁ መሥሪያ ቤቶች ከዚህ የበለጠ ጥፋት አለባቸው። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ በከተማዋ ሥራ ፈላጊ በዝቷል፤ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የሚለጠፈውም ወረቀት እንዲሁ። አብዛኛው ከታች «ሁለት ጉርድ ፎቶ» ብሎ ያበቃል። ጉርዱ 3 በ4 ይሁን፣ 35 በ45 ሚሊ ሜትር ይሁን፣ ጀርባው ነጭ ይሁን ሰማያዊ አይናገርም። አመልካቹ ይገምታል። መስኮቱ ጋ ሲደርስ ፎቶው ለቅጹ ሳጥን ይተልቃል፤ ጸሐፊው መቀስ አንሥቶ ዙሪያውን ይከረክመዋል፣ ጆሮ ይሸርፋል፣ ከዚያ ሙጫ ቀብቶ ይለጥፍና ከሚተርፈው ፊት ላይ ክቡን ማኅተም ያሳርፍበታል። ለማሳወቅ የተለጠፈው ፎቶ ባለቤቱን እንዳያሳውቅ ለማድረግ ከዚህ የተሻለ ዘዴ አይገኝም።

10 በ15 ወረቀት ላይ 35 በ45 ሚሊ ሜትር የሆነ ፎቶ ስምንት ይገባል፤ ለመቁረጫ የሚሆን ነጭ ቦታም ይተርፋል። ልኩ አስቀድሞ ከታወቀ አንድ ወረቀት ለአንድ ሥራ ፈላጊ የወራት ማመልከቻ ይበቃዋል። ስለዚህ ቀበሌውም፣ ፋብሪካውም፣ ኮሌጁም ማስታወቂያ ሲያወጣ ወርዱን፣ ቁመቱን፣ የጀርባውን ቀለምና የፊቱን መጠን በቁጥር ይጻፍ። የኤሌክትሮኒክ ፎቶ የሚቀበል ከሆነ ፒክስሉን ይጨምር። ቅጽ የሚያሳትምም ሰው የፎቶውን ሳጥን ሲሥል በማስመሪያ ይለካ። ይህን ለማድረግ በጀት አይያዝም፣ ስብሰባም አይጠራም፤ አንድ መስመር ጽሑፍ ነው። ከሐርቡ ተነሥቶ ኮምቦልቻ ለማመልከት የሚመጣ ልጅም «ልኩ አይደለም፣ ነገ አስተካክለህ ና» ተብሎ የሁለት ቀን ትራንስፖርት አይከፍልም።